ሦስት ጊዜ የተቀባው ካምቢዮ

አንዲት የጭነት መኪና ብቻ የነበረችው ሰው ነበረ። አስናቀ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ «አባቴን ከአገር ቤት አምጥቼ ምንም ሳላጎድልበት ለምን ዝም አለብኝ? ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ ወደዚያ ባዶ ቤት ልመልሰው?» ነው ያልከኝ። እመልስልሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የዚህን ሰውዬ ነገር ስማ።

ሰውየው ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስ ነበር። ያኔ እኔ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ወይ ጊዜ! ጋራዡ ጣሪያ እንኳ አልነበረውም፤ አንድ የኒም ዛፍ ነበር፣ ጥላው በዞረ ቁጥር እኛም መኪናውን እየገፋን አብረን እንዞር ነበር። እንዲያ ስንሠራ ያሳለፍነውን ሳቅ ዛሬ በየትኛው ጋራዥ ታገኘዋለህ?

ሰውየው መኪናዋን ይወዳት ነበር፣ ግን መውደድ ልበልህ! ሚስቱ «ጠዋት ከእኔ በፊት እሷን ነው ደህና አደርሽ የሚላት» እያለች ታማው ነበር። አንድ ቀን የካምቢዮዋ ጥርስ ረገፈና ማርሽ አልገባ አለ። ከሞተች መኪና ላይ ሌላ ካምቢዮ ተገኘ። ጤነኛ ነው፣ ግን ዝገትና ጭቃ ለብሷል። ሰውየው አየውና «ይሄን ቆሻሻማ መኪናዬ ሆድ ውስጥ አታስገቡትም» አለ። በናፍጣ አጠበው፤ ከዚያ ብርማ ቀለም ገዝቶ ቀባው። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ብሎኖቹን ሳይቀር ቀባቸው። ማን ሊያየው ነው ብለን ሳቅንበት። ሲያልቅ ግን ያምር ነበር፤ አልዋሽህም።

ካምቢዮው ተገጠመ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ግን አይነሳም። ካንዴላውን ፈትተን ብናይ እሳት የለም። ካንዴላ ቀየርን፤ የለም። እሳቱን የሚያመነጨውን ቦቢና ቀየርን፤ የለም። ሰውየው ከሱቅ ጋራዥ ሲመላለስ ጫማው አለቀ። ሽንኩርቱ መቂ ላይ በጆንያ ሆኖ ፀሐይ ይመታዋል፤ ገበሬው «እስከ ነገ ካልመጣህ በሌላ መኪና አስጭናለሁ» ብሎ ልኮበታል። ያ ደንበኛ ከሄደ መኪናዋን ከመሸጥ በቀር መላ የለውም። በሦስተኛው ቀን ጎማዋ ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም።

ያን ዕለት ለቅሶ ሄዶ የሰነበተው የጋራዡ አለቃችን ተመለሰ። ስድቡ አያልቅ፣ እጁ አይስት። ታሪኩን ሰማና «ከመጥፋቷ በፊት መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» አለ።

«ካምቢዮው ነዋ! እሱማ ከበፊቱ በልጦ ነው የተሠራው» አለ ሰውየው።

አለቃችን ጆንያ አንጥፎ ከሥሯ ገባ። የእሳቱ ማሳ፣ ኮረንቲውን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ሽቦ ማለቴ ነው፣ ካምቢዮው ላይ በብሎን ታስሯል። ጥብቅ ብሎ ታስሯል። እኛም መታሰሩን አይተን ነው ያለፍነው። እሱ ግን ብሎኑን ፈታ፣ ቢላ ተቀበለና ያን የሚያምር ቀለም ይፍቀው ጀመር። ሰውየው «ኧረ ቀለሜን!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል! ሽቦህ የታሰረው ቀለም ላይ ነው፤ ብረቱን መቼ ነካው?» አለው ከሥር ሆኖ።

ብረቱ ብልጭ እስኪል ፋቀው፤ ብሎኑንም ፋቀ፤ መልሶ አሰረ። ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ አንዴ አስነጠሰችና ተነሳች። ሰውየው አለቃችንን በግሪስ እንደተለወሰ አቅፎ ሳመው። እሱ ደግሞ «ሂድ ሽንኩርትህን ጫን፣ አንተ ቀለም ቀቢ!» ብሎ አባረረው።

አስናቀ ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አትቀየመኝ። አባትህን ያመጣኸው በፍቅር ነው፤ ይሄን ማን ይክዳል? አዲስ አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ ሠራተኛ። ግን ወደ ሐኪም ከመሮጥህ በፊት መጨረሻ የተነካውን እይ። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበር። ለእረፍት አገር ቤት ስትሄድ ሳንቃ ያስይዝህ ነበር፤ «ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አንተ ልፍስፍስ!» ይልህ ነበር፤ አንተም ትመልስለት ነበር። ራስህ ነህ ያጫወትከኝ። አሁን ወንበር ሊያነሳ ሲል ትቀማዋለህ። ሲናገር «እሺ አባዬ» ብለህ ትወጣለህ። ልጆችህን «አያታችሁን አትረብሹ» ትላለህ። አክብሮት ነው፤ ያምራል። ግን ቀለም ነው። ቤትህ ውስጥ ጥብቅ አድርገህ አስረኸዋል፤ የሚነካው ብረት ግን አሳጣኸው።

ስለዚህ አትመልሰው። አባትህ አልተበላሸም። ነገ መጋዝና ሳንቃ ይዘህ ግባና «መደርደሪያ ሥራልኝ» በለው፤ ጫፉን አንተ ያዝ። አጣመህ ነው የምትይዘው፣ አውቅሃለሁ። ይቆጣሃል። አኩርፈህ እንዳትወጣ፤ መልስለት፣ ይመልስልህ። እኔ አለቃዬን ከቀበርኩት ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ምነው አንድ ሰው እንደዚያ አድርጎ በሰደበኝ እላለሁ። አንተን የሚቆጣህ ሰው ግን እቤትህ ተቀምጧል።