የአያ ደምለው ሦስተኛ ጥፋት

አያ ደምለው ምላሱ የማትስት፣ እግሩ ግን ደልዳላ መንገድ ላይ የሚሰናከል ሰው ነበር ይላሉ። እኔም የሰማሁትን ነው የማወራው፤ የጨመርኩት ቢኖር ለጨው ያህል ነው። ሥራው በደጃዝማች ገድሉ ቤት ነበር። ጌታው ሲጎርሱና ሲጠጡ ፊቱን ወደ ሌላ መልሶ፣ ነጠላ ዘርግቶ ከሰው ዓይን ይከልላቸዋል። በዚያ ቤት ደጃዝማችን ሲበሉ ያየ ይገረፋል፤ ክፉ ዓይን እንዳያገኛቸው ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለደንባራ መስጠት የማን ጥፋት ነው? ግን ጨዋታው ያስቃቸው ነበርና ማደሪያ መሬት ሰጥተው አኖሩት።

የግብር ቤቱን ሥርዓት የሚያስከብረው አጋፋሪ ቸሬ ያንን መሬት ለወንድሙ ይመኝ ነበር። ሌት ተቀን ነገር ሲያቀብል፣ ደጃዝማች ሰለቻቸውና «ሦስት ጊዜ ካጠፋ መሬቱን ነጥቄ አባርረዋለሁ» አሉ። ደምለው የስድስት ልጆች አባት ነው። ያን ቀን መቀለዱን ተወ፤ እስከ ማታ ድረስ ብቻ።

የመጀመሪያው ጥፋት በፋሲካ ሆነ። ከግብሩ እንግዶች አንዱ ግራዝማች ተሰማ የሚባሉ ዳኛ ነበሩ፤ ባለጉዳይ የማር ገንቦ ካላስቀደመ ቀና ብለው አያዩትም። ደምለው የእጅ ውሃ አቅርብ ቢባል የበሩ ደፍ ላይ ተደናቀፈና ውሃውን በአዲሱ ካባቸው ላይ ገለበጠው። ዳኛው ብድግ ብለው «አንተ! ዓይን የለህም?» አሉ።

«አለኝ ጌታዬ፤ ግን እንደ እርስዎ ዓይን ነው፣ ማር ካልቀደመለት አያይም።»

ደጃዝማች ሳቃቸውን በኩታቸው ሸፈኑት። ጥፋቱ ግን ተቆጠረ።

ፊታውራሪ ምንዳ ደግሞ ጠጅ ሲያስጥሉ ማሩን በጣት፣ ውሃውን በእንስራ ነው የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሲድሩ ደጃዝማች ተጠሩ፤ ደምለውም ነጠላውን ይዞ ተከተለ። ዞር ሲል ክርኑ የአንዱን ሚዜ ብርሌ መታና ጠጁ በሚዜው ነጭ ኩታ ላይ ፈሰሰ። ፊታውራሪ አፈጠጡ። «ይኸ ደንባራ! የሰው ልብስ አበላሸህ፤ አሁን ይኸን ምን ያስለቅቀዋል?»

«አይጨነቁ ጌታዬ፤ የእርስዎ ጠጅ አይደለም? እሱው ያጥበዋል።»

ሠርገኛው ሁሉ ሲስቅ ቸሬ ብቻ ሁለተኛ ጣቱን አጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ደምለው እንደ እርጉዝ ተጠንቅቆ መራመድ ጀመረ። ሚስቱ በየጠዋቱ «እግርህን እይ፤ የልጆቼ እንጀራ እዚያ ላይ ነው» ትለዋለች። እሱም ፈርቶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

አንድ ቀን አገር የሚጎበኝ እንግሊዝ ከነአስተርጓሚው መጣና ግብር ተጣለ። ደጃዝማች ትልቅ ጉርሻ አንስተው ገና እንደ ጎረሱ፣ ደምለው የነጠላውን ጫፍ ረገጠው። ነጠላው ወረደ። ደጃዝማች ሁለት ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ወጡ በጺማቸው እየወረደ ለአዳራሹ ሁሉ ተገለጡ። ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ መሬት መሬት አየ። እንግሊዙ ብቻ በቋንቋው «ብላንደር!» አለና አፉን ያዘ።

ደጃዝማች እንደ ምንም ውጠው «ምን አለ? ሰደበኝ?» አሉ።

አስተርጓሚው እንግዳውን ጠይቆ መለሰ። «አልሰደበዎትም ጌታዬ፤ የድንብርብር ስህተት ማለቱ ነው። ቃሉ ጥንት ከባሕር ማዶ ሰዎች የመጣላቸው ነው አሉ፤ መነሻው ዓይንን መጨፈን ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ይደናበራል፣ የሚደናበርም ያጠፋል። እየቆየ እንዲህ ነጠላ ለሚጥለውም ሁሉ ሆነ።»

ቸሬ መታገሥ አቃተው። «ሦስተኛው ነው ጌታዬ! ምስክሩ እኔ ነኝ፤ በሁለት ዓይኔ አየሁ! ጉርሻው ጉንጭዎን ወጥሮት፣ ወጡ በጺምዎ ሲወርድ፣ አንድም አላመለጠኝ!»

ደጃዝማች ወደ ደምለው ዞሩ። «መሬቴን አስረክብ። የምትለው አለህ?»

ደምለው ነጠላውን ከመሬት አነሳና እጅ ነሳ።

«ምን እላለሁ ጌታዬ፤ እኔስ እንግዳው እንዳሉት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጌታዬን ሲጎርሱ በሁለት ዓይኑ ያየው ግን ይኸው ቆሟል።»