የትርሲት ደህና ዋሉ

በአንድ ወቅት፣ ያውም በቅርቡ፣ ደሴ ውስጥ ትርሲት የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ናርዶስን፣ አንዲት ልጇን፣ ብቻዋን ታሳድጋለች። ታናሽ ወንድሟ ኪሩቤል መክፈል ለማይችሉ ሕፃናት በነጻ የሚሰጥ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራ። የፊደል ጨዋታ ነው፤ ድምፁ የትርሲት። ፊደሉን ትጠራለች፣ ልጁ ይነካል። ሲያውቅ «ጎበዝ!»፣ ሲሳሳት «አይደለም የኔ ማር፣ እስቲ እንደገና» ትላለች። መጨረሻው «ፖ» ነው። እሱን ያወቀ እንደሆነ «ጨረስን፤ በሉ ደህና ዋሉ ልጆቼ» ትልና ያበቃል። እኔ ነገሩን በሩቅ ነው የማውቀው፤ ሲነግሩኝ ግን ገባኝ።

ትርሲት ታመመች፣ ሞተች። ለሕፃን መርዶ አይነገርም ብለው ናርዶስን «እናትሽ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዳለች» አሏት። እንግዲህ ማን ያሳድጋት? የትርሲት ታላቅ ወንድም ይርዳው፣ እህቷ ምንትዋብና ኪሩቤል ሦስቱም እኔ አሉ። ሽማግሌ እስኪቆርጥ ምንትዋብ ቤት ተቀመጠች።

ልጅቱ ጨዋታው ካለበት ማሽን አትነሳም። «ፖ» ላይ ትደርስና ትሳሳታለች፤ እንደገና፣ ደግሞ እንደገና። አስተማሪዋ «ይቺ ልጅ አልያዘላትም፣ እዚያው ክፍል ትድገም» አለች። አንድ ቀን ግን ምንትዋብ ይዛት ስትሄድ ናርዶስ የፖሊስ ጣቢያውን ታፔላ አነበበችው።

«ታዲያ «ፖ»ን ለምን ትስቻለሽ?»

«ካወቅኳት እማዬ ደህና ዋሉ ብላኝ ትሄዳለች።»

አያችሁ ልጆቼ? ሆነ ብላ ነው።

ምንትዋብ የማሽኑን ድምፅ ዘጋችና ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቃ በእህቷ አነጋገር ፊደል ትጠራ ጀመር፤ መጨረሻ ላይ «በይ ውጪና ተጫወቺ፣ ነገ እመጣለሁ» ልትላት። አትሳቁ፣ ጨንቋት ነው። ናርዶስ ጥቂት አዳመጠችና «እማዬን ጉንፋን ይዟታል?» አለች። ከዚያ ወዲያ ዳቦዋን ግማሹን ለታመመችው እናቷ ማሽኑ ሥር ታስቀምጥላት ጀመር። እሷ እየከሳች ሄደች።

ኪሩቤል ይህን ሲሰማ ሮጦ መጣ። «በልጅቱ እናት ድምፅ ይቀለዳል እንዴ?» ብሎ እህቱን ተቆጣ፤ የትርሲትን ድምፅ መለሰ፣ ስንብቷን ግን ከጨዋታው ቆርጦ አወጣው። ልጅቱ ሳትፈራ ትጨርስ፣ ተመልሳ ከ«ሀ» ትጀምር ብሎ። ጨዋታው በነጻ የተለቀቀ፣ በየቤቱ ያለውም ከኪሩቤል ዘንድ ብቻ የሚመጣ ነውና ያ ስንብት ከሁሉም ቤት ጠፋ። ናርዶስ መሳሳት አቆመች። መነሳትም አቆመች። ጎረቤት ልጆች በር ላይ ቢጠሯት «እማዬ ጋ ነኝ» ትላለች።

ይርዳው ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። ጎረቤት አስከትሎ፣ ልክ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው፣ ጎህ ሲቀድ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። «ናርዲ፣ እናትሽ አትመጣም። ሞታለች፤ እኔ ነኝ የቀበርኳት።» ምንትዋብ «ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ!» ብላ ደረቷን መታች። ልጅቱ አለቀሰች፤ ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። በሌላው ቀን ዳቦዋን ራሷ በላች።

ከዚያ ማሽኑን ክፈቱልኝ አለች። ከ«ሀ» ጀምራ አንድም ሳትስት ሄደች፤ «ፖ»ን ነካችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ትርሲት «ጎበዝ!» አለች፣ ወዲያው «ሀ» ብላ ጠራች። ልጅቱ ወደ ኪሩቤል ዞረች።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ አላለችኝም እኮ።»

ኪሩቤል የቆረጠውን የትም አላስቀመጠውም ነበር።

ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ምንትዋብ ዋሽታለች፤ ግን ከጎኗ ያልጠፋችው እሷ ናት። ኪሩቤል ድምፁን መልሶላታል፤ ስንብቱን ወስዶባታል። ይርዳው እውነቱን ነግሯታል፤ እሷ ግን እስከ አሁን እሱ ሲመጣ ምንትዋብ ቀሚስ ውስጥ ትሸሸጋለች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ናርዶስን ለማን ትሰጧታላችሁ?