የዶክተሩ ሙዝ

አንድ ቀን፣ ያውም ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ቅዳሜ፣ በጉራጌ አገር በምትገኝ አንዲት ከተማ የሕዝብ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። በየወሩ አንድ ደራሲ ወይም አንድ ምሁር ከአዲስ አበባ ይጋበዝና ስለ ባህል፣ ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ ተፈጥሮ ከከተማው ሰው ጋር ይወያያል። የዚያ ቀን ተረኛ ዶክተር ልዑልሰገድ ነበሩ። ስለ አገሪቱ ዕፅዋትና ስለ ገበሬው ባህል የስድስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ጽፈዋል። መጽሐፉ ከመክበዱ የተነሣ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት የውሃው ብርጭቆ ዘለለ።

ሳቢር የአዳራሹ አትክልተኛ ነው። አትክልተኛ ይባል እንጂ ወንበር የሚደረድረውም እሱ፣ መብራት የሚያበራውም እሱ፣ ማይክሮፎኑ ሲንጫጫ በጥፊ ብሎ ዝም የሚያሰኘውም እሱ ነው። ውይይት የሚባል አያመልጠውም። ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ ቆሞ እስከ መጨረሻው ያዳምጥና ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለሙና አንድም ሳያስቀር ይተርክላታል። ገጣሚ ሲመጣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ፈላስፋ ሲመጣ ገባውም አልገባው ራሱን ይነቀንቃል። ታሪክ ጸሐፊ የመጣ እንደሆነ ግን «ኧረ እሱስ እንዲያ አልነበረም» እያለ በሆዱ ሲከራከር ያመሻል።

ከመስኮቱ ማዶ ሰባት እንሰቶች ቆመዋል። ከችግኝ ጀምሮ ያሳደጋቸው ሳቢር ነው። አሁን ቅጠላቸው የጣሪያውን ቆርቆሮ ይጠርጋል። ሙና «ከልጆችህ ይልቅ የእነሱን ቁመት ነው የምታውቀው» ትለዋለች፣ እሱም አይክድም።

ዶክተሩ መናገር ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ስለ ተፈጥሮ፣ ግማሽ ሰዓት ስለ ራሳቸው ተናገሩ። ንግግራቸው ጥሩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሳቢርም ሁለት ጊዜ አጨብጭቧል። «ሰው ተፈጥሮን ማንበብ አለበት!» ሲሉማ ከሁሉም ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዶክተሩ እጃቸውን ወደ መስኮቱ የዘረጉት።

«እስቲ ወደ ውጭ ተመልከቱ! እነዚያን ሙዞች ታያላችሁ?»

ሕዝቡ አንገቱን አዞረ። ሙዝ ፈለገ፣ አጣ። አንዳንዱ «ሙዝ የሚሸጥ ሰው በዚያ አልፎ ይሆናል» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እነዚያ ሰባቱ!» አሉ ዶክተሩ። «ቁመታቸውን እዩ፣ ውፍረታቸውን እዩ። አንዲት ዘለላ ሙዝ አላቸው? የላቸውም! ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ከነፎቶግራፉ ጽፌዋለሁ። በዚህ አካባቢ ሙዝ የሌለበት ጓሮ የለም፤ ከጓሮው ሙዝ ቆርጦ የበላ ገበሬ ግን አላገኘሁም። ለምን? ማኅበረሰባችን መትከል እንጂ ማፍራት አያውቅም! ይህ የባህል ችግር ነው!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ እንሰትና ሙዝ አይምታታበትም። ግን እንግዳን በአደባባይ ማሳፈር ነውር ነው። ውይይቱን የምትመራው የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ዘምዘም ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ትከሻቸው ብቻ ይርገፈገፋል። ዶክተሩን ግን ዝምታው አድናቆት መሰላቸው።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይነቀሉ! ሙዝ የማይወጣው ሙዝ ተነቅሎ፣ በምትኩ የሚያፈራ ይተከል! ለውጥ ከዚህ ግቢ ይጀምር!»

የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ይርጋ ከፊት ወንበር ተነሡ። እንሰት መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። ብቻ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ያለውን ሁሉ እሺ ማለት ልማዳቸው ነው፤ አንዱ እንግዳ በሩ በምሥራቅ በኩል ቢሆን ይሻል ነበር ስላሉ ግድግዳ ሊያስፈርሱ ለጥቂት የቀሩ ሰው ናቸው።

«የዶክተርን ሐሳብ በሙሉ ልብ ተቀብለናል» አሉ። «ሰኞ ጠዋት ይነቀላሉ!»

ሳቢር ከመስኮቱ ጥግ ቀና አለ። ሰኞ ጠዋት ዶማ ይዞ የሚወርደው ሌላ ማን ሊሆን ነው? ራሱ ነዋ! «እንግዳ ነው፣ ዝም ልበል» አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ በመስኮቱ አየ፤ እንሰቶቹ ዝናቡን እየጠጡ ምንም ሳያውቁ ቅጠላቸውን ያወዛውዛሉ። «እኔስ ዝም ልበል፣ እነሱ ምን አጠፉ?» አለና እጁን አወጣ።

ዘምዘም ያንን እጅ ስታይ ፊቷ በራ። «ጋሽ ሳቢር ጥያቄ አላቸው!» አለችና ማይክሮፎኑን ራሷ ይዛለት ሮጠች።

«ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ሳቢር ጎንበስ ብሎ። «ምሳ በልተዋል ወይ?»

ዶክተሩ ግራ ገባቸው። «ጥያቄህ ይኼ ነው?»

«በኛ አገር እንግዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱን ነው።»

«በልቻለሁ፣ በልቻለሁ። ክትፎ በቆጮ! ቆጮውንማ ሁለት ጊዜ አስጨምሬያለሁ። ግሩም የባህል ምግብ ነው።»

«ይስማማዎት። ለመሆኑ ቆጮ ከምን ይሠራል?»

«ከእንሰት ነዋ!» አሉ ዶክተሩ፣ ተማሪ ፊት እንደ ቆመ መምህር ፈገግ ብለው። «ደግሞ ለኔ ይኼ ይጠየቃል? ስለ እንሰት ብቻ አርባ ገጽ ጽፌያለሁ።»

«አርባ ገጽ! እጅዎ ይባረክ» አለ ሳቢር። «ከእንሰት ጋር በአካል ተገናኝታችሁ ታውቃላችሁ?»

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እ... በጥናት ነው የማውቀው።»

«እንግዲያውስ ላስተዋውቃችሁ። ያው በመስኮት በኩል ቆሞ የሚያይዎት፣ ሰኞ ይነቀል ያሉት፣ እሱ ነው።»

እስከዚያ ታፍኖ የቆየው ሳቅ ከአንድ ጥግ ፈነዳ። እኚያ ባለነጠላዋ እናት «ኡኡቴ!» ብለው ነጠላቸውን ለቀቁት። አቶ ይርጋ አንድ የማይታይ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀባቸውና ጎንበስ ብለው ይፈልጉ ጀመር። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ምዕራፍ ዘጠኝን ገልጠው ፎቶግራፉን አዩ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ አዩ። ግን ስድስት መቶ ገጽ የጻፈ ሰው በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

«ስማ!» አሉ መጽሐፉን በጥፊ መትተው። «ይህን መጽሐፍ ሦስት ፕሮፌሰሮች አንብበው መስክረውለታል! አንተ ማን ነህና ነው? ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ማረም ነው» አለ ሳቢር።

ዶክተሩ ድንገት ለዘብ አሉ። አንድ ደራሲ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ሰው ቢኖር አራሚ ነው። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ድምፃቸውም ተለወጠ።

«እንዴ... አራሚ ነዎት እንዴ? ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም፣ ጋሼ? የት ነው የሚያርሙት? የየትኛው ማተሚያ ቤት ነዎት?»

ዘምዘም ዓይኗን ጨፈነች።

«ኧረ እኔ እዚሁ ግቢ ነኝ፣ ዶክተር» አለ ሳቢር በትሕትና። «እኔ የማርመው ሙጃ ነው። ግን ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሳርም አንድ እንሰት በስሕተት ነቅዬ አላውቅም፤ እርስዎ ግን መጽሐፉን ሳያርሙ ይዘውት መጡና እንሰቱን ንቀሉ አሉን!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም በወጉ መናገር አይችልም፤ ሰው በሰው ላይ እየተደገፈ ሳቀ፣ በመጨረሻ ዶክተሩ ራሳቸው ጠረጴዛውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ መጽሐፉ ዳግም ሲታተምም ምዕራፍ ዘጠኝ ከነሙዙ ጠፍቶ፣ ከሦስቱ ፕሮፌሰሮች ስም በላይ «አራሚ፦ አቶ ሳቢር ነስሩ» የሚል መስመር ገባ።