ፈጣኑ መሣሪያ እስኪመረጥ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ቀረብ። ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው እንዲህ ሲጮኽ ከዚያ ሆናችሁ ድምፄ አይሰማችሁም። ትርሲት፣ እግርሽን ሰብስቢና ለእህትሽ ቦታ ልቀቂላት። እኔ ምስሬን እለቅማለሁ፣ እናንተ ስሙ። ዛሬ ውኃው ከደጃችን ሞልቶ እየፈሰሰ ነውና፣ ውኃ የጠፋበትን የጥር ወሬ ላውራችሁ።

ዝማም የምትባል ሴት ነበረች። ከወንዙ ዳር መሶብ የምታክል ማሳ አለቻት። ማሳዋ ላይ ነጭ ሽንኩርት ተክላለች። ዘሩ የእናቷ ነው፤ እናቷም ከእናቷ ነው ያገኘችው። ራሱ ትንሽ ነው፤ ሲከተከት ግን ሦስተኛ ቤት ያለ ሰው ያስነጥሳል። ያንን ዘር ኅዳር ላይ ሁሉንም ተከለችው። ለክፉ ቀን ብላ ያስቀረችው አንዲት እስር ብቻ ናት፤ እሷንም ከምድጃዋ በላይ ሰቀለቻት።

ዝማም የፈለገችው የአንድ ጧት ውኃ ነው። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠፋችኋል።

በዚያ አገር የመስኖ ውኃ በተራ ነው። ወንዙን ወደ ቦዩ የሚለቀውም፣ የሚዘጋውም አንድ ሽማግሌ ነው፤ የውኃ አባት ይሉታል። የዚያን ጊዜው የውኃ አባት አያ ደርሶ ነበር። የስልሳ ሰው ተራ ከነጸቡ በጭንቅላቱ ይዞት ይዞራል።

ሰኞ ዕለት ዝማም ማሳዋ ብትወርድ የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። አፈሩን በጣቷ ብትጭረው አቧራ። እስከ ቅዳሜ ካልጠጣ አለቀለት። ወደ አያ ደርሶ ሄደች።

«አያ ደርሶ፣ ቦዩን ክፈትልኝ። ነጭ ሽንኩርቴ ሊሞትብኝ ነው።»

«አልከፍትም» አለ አያ ደርሶ፣ ዶማውን ተደግፎ። «ደብዳቤ መጥቷል። ከእንግዲህ ተራ የሚወጣው ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በወረቀት ነው ተብሏል። ወረቀት አምጪ።»

«አንተ ማንበብ አትችል፤ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ። ተቀበል ተባልኩ፣ አምጪ አልኩሽ።»

ዝማም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወጣች። እዚያ እንዬ የምትባል ጸሐፊ አለች፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም።

«እንዬ ልጄ፣ መዝገቡን ግለጪልኝ። አያ ደርሶ ቦይ አልከፍት አለ፤ ነጭ ሽንኩርቴ ሊሞትብኝ ነው።»

«አልገልጥም እትዬ ዝማም፣ አይቀየሙኝ። መዝገቡ ታሽጓል። ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው። ኮምፒውተሩ ሲቀበለኝ ነው የምገልጠው።»

«ለመሆኑ መዝገቡ የት አለ?»

«ይኸው፣ ከክርኔ ሥር።»

እውነትም ክርኗን ያስደገፈችው መዝገቡ ላይ ነበር። ልጆቼ፣ የታሸገ ነገር ቅርብ ሲሆን ነው የሚያቃጥለው።

ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዝማም ዳንቴሉን ገልጣ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አንተ ሣጥን፣ መዝገቡን ተቀበል። እንዬ መዝገብ አልገልጥ አለች፤ አያ ደርሶ ቦይ አልከፍት አለ፤ ነጭ ሽንኩርቴ ሊሞትብኝ ነው።»

ኮምፒውተሩ ዝም። አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ አለችና ጠፋች።

«ምን አለ?» አለች ዝማም።

«ምንም አላለም» አለች እንዬ፤ «ውስጡ ባዶ ነው። ፕሮግራም የምትሠራለት ሶስና ናት፤ ከጓሮ ባለው ክፍል አለች። እሷን ያናግሩ።»

ሶስና ከከተማ የመጣች ባለሙያ ናት። ዝማም ስትገባ በእጇ አገጯን ደግፋ ግድግዳ ታያለች።

«ሶስና ልጄ፣ ፕሮግራሙን ሥሪ። ኮምፒውተሩ መዝገብ አልቀበል አለ፤ እንዬ መዝገብ አልገልጥ አለች፤ አያ ደርሶ ቦይ አልከፍት አለ፤ ነጭ ሽንኩርቴ ሊሞትብኝ ነው።»

«አልሠራም እትዬ። ብሠራው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ግን የምሠራበት መሣሪያ አልተመረጠልኝም።»

«መዶሻ ነው? መዶሻማ እኔ ቤት አለ።»

ሶስና ሳቀች። ከመጣች ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው ይላሉ። «መዶሻ አይደለም። ዳታቤዝ የሚባል አለ፤ ያው መዝገብ ነው፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ መዝገብ። እሱን ቶሎ ለመሥራት የሚረዳ መሣሪያ አለ። ፎርሙም፣ ሠንጠረዡም ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ እኔ መገጣጠም ብቻ ነው።»

ትርሲት፣ አትሳቂብኝ፤ ገብቶኛል። የጭቃ ጡብ በቅርጽ እንደሚመቱት ማለት ነው። ቅርጹ ካለ ጭቃውን መጠቅጠቅ ነው። ቅርጹ ከሌለ ግን አንድ በአንድ በእጅሽ ስታድቦለቡይ ክረምት ይመጣብሻል።

«ታዲያ አንዱን አንሺና ሥሪበት» አለች ዝማም።

«ሦስት ዓይነት ቀርቧል። መምረጥ ግን ለእኔ አልተፈቀደም፤ የሚመርጠው ኮሚቴ ነው።»

«መቼ ጀመረ መምረጥ?»

«መስከረም።»

«ፈጣኑን?»

«አዎ፣ ፈጣኑን።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይሁኔ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ፋይል ከፋይል ተደራርቦ፣ ዝማም ብትገባ ከወዲያ በኩል ባርኔጣቸው ብቻ ታያት። ለባርኔጣው ተናገረች።

«አቶ ይሁኔ፣ መሣሪያውን ይምረጡልን። ሶስና ፕሮግራም አልሠራ አለች፤ ኮምፒውተሩ መዝገብ አልቀበል አለ፤ እንዬ መዝገብ አልገልጥ አለች፤ አያ ደርሶ ቦይ አልከፍት አለ፤ ነጭ ሽንኩርቴ ሊሞትብኝ ነው።»

«አንመርጥም» አሉ አቶ ይሁኔ ከፋይሉ ጀርባ። «ማለቴ፣ ለጊዜው። እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይሆንም። አርባ ሰባት መስፈርት አውጥተናል። አሁን ያለነው አንደኛው ላይ ነው፤ መሣሪያው ፈጣን ይሁን ይላል። ፈጣን ማለት ምን ማለት ነው የሚለውን ንዑስ ኮሚቴ ሲያጠናው አራት ወር ሆነው።»

«እና መቼ ትሰበሰባላችሁ?»

«ሐሙስ ነበር። ግን ምሳ የለም።»

ምሳ ምን አገባው እንዳትሉኝ። የኮሚቴው ልማድ ነው። ስብሰባ በሻይ ሲጠራ የሚመጣው ሁለት ሰው ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። በምሳ ሲጠራ ግን ዘጠኙም ይመጣሉ፤ የታመመው ሳይቀር። ምሳውን የምታቀርበው ምግብ ቤት ያላት ጠጄ ናት፤ እሷ ደግሞ እንቢ ብላለች።

እንግዲህ አብራችሁኝ በሉ፤ ዝማም ጠጄ ደጃፍ ደርሳለች።

«ጠጄ እቴ፣ ወጡን ሥሪላቸው። ኮሚቴው መሣሪያ አልመርጥ አለ፤ ሶስና ፕሮግራም አልሠራ አለች፤ ኮምፒውተሩ መዝገብ አልቀበል አለ፤ እንዬ መዝገብ አልገልጥ አለች፤ አያ ደርሶ ቦይ አልከፍት አለ፤ ነጭ ሽንኩርቴ ሊሞትብኝ ነው።»

«አልሠራም» አለች ጠጄ። «ነጭ ሽንኩርት የለኝም። ባለፈው ያለ ነጭ ሽንኩርት ሠርቼ አቀረብኩ። ምን አደረጉ መሰለሽ? መሣሪያውን ትተው ወጤን ሲገመግሙ ዋሉ። ከሃያው ዘጠኝ ነጥብ ሰጥተው ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉኝ። ሁለተኛ እንዲህ አልዋረድም።»

«ከገበያ ግዢ።»

«ገበያ የታለና። ከጠፋ ሰነበተ።»

«ለምን ጠፋ?»

«እንዴት ለምን? ቦዩ ተዘግቶ የሰው ማሳ ሁሉ ደርቆ ነዋ።»

ዝማም የምግብ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ ብላ ጣቶቿን ቆጠረች። ነጭ ሽንኩርት ከሌለ ወጥ የለም፤ ወጥ ከሌለ ኮሚቴ የለም፤ ኮሚቴ ከሌለ መሣሪያ የለም፤ መሣሪያ ከሌለ ፕሮግራም የለም፤ ፕሮግራም ከሌለ ኮምፒውተሩ ሣጥን ነው፤ ኮምፒውተሩ ሣጥን ከሆነ መዝገቡ የክርን ትራስ ነው፤ መዝገቡ ካልተገለጠ ቦዩ አይከፈትም፤ ቦዩ ካልተከፈተ ነጭ ሽንኩርት የለም። ጣቷ አልቆ ወደ መጀመሪያዋ ተመለሰች።

ረቡዕ ቤቷ ገብታ ወደ ምድጃው በላይ አየች። እስሯ ተሰቅላለች፤ ጭስ ጠጥታ ጠቁራለች። አሁን ይህችን ከሰጠችና ውኃው ካልመጣ፣ የእናቷ ዘር አለቀ። ከገበያ የሚመጣው ያ ትልቁ፣ ሽታ የሌለው ነው። ካልሰጠች ደግሞ ማሳው ይደርቃል፤ አንዲት እስር ታቅፋ ትቀራለች። ብዙ ቆመች። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥታ አወረደቻት።

«ስንት ራስ ይበቃሻል?» አለቻት ጠጄን።

«የኮሚቴ ሆድ ነው፤ ሁሉንም አምጪው።»

ሁሉንም ሰጠች።

ሐሙስ ወጡ ሽታው ከጠጄ ጓዳ ወጥቶ ጽሕፈት ቤቱን አንኳኳ። ዘጠኙም መጡ። በሉ፣ ደገሙ፣ ድስቱን በእንጀራ ጠረጉ። አቶ ይሁኔ አፋቸውን አበሱና ፋይላቸውን ከፈቱ። «ፈጣን ማለት» ብለው ጀመሩ።

ዝማም ሳህን ልታነሳ ከጠጄ ጋር ገብታ ነበር። ሶስና ከበሩ ሥር፣ ማንም ሳይጠይቃት ተቀምጣለች። ዝማም በአጠገቧ ስታልፍ ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣ ከሦስቱ እጅሽ የለመደው የትኛውን ነው?»

«መካከለኛውን። መብራት ሲሄድ የያዘውን አይጥልም። ቢበላሽም እኔው እጠግነዋለሁ፤ ከሌላ አገር ሰው አያስጠራም።»

ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ግን የጠገበ ሰው ዝም ስለሚል ሁሉም ሰማ።

«ይሄ ከአርባ ሰባቱ ስንተኛው መስፈርት ነው?» አለ አንዱ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ።

አቶ ይሁኔ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ። «የለም» አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀጥሎ ሆዳቸውን ዳሰሱ። «መካከለኛው ይሁን፤ ትደግፋላችሁ?»

እጅ ማውጣት ከመከራከር ይቀላል። ዘጠኙም አወጡ።

ከዚያማ ልጆቼ ምን ልበላችሁ፤ ወጡ ኮሚቴውን ሰበሰበ፤ ኮሚቴው መሣሪያውን መረጠ፤ መሣሪያው ሶስናን ሥራ አስጀመረ፤ ሶስና ዓርብ ከሰዓት ጨረሰች፤ ኮምፒውተሩ መብራቱን አብርቶ ተቀበለ፤ እንዬ ክርኗን አንስታ መዝገቡን ገለጠች፤ ስልሳውን ሰው አስገባች፤ ወረቀቱም ከማተሚያው እየተንሸራተተ ወጣ። ዝማም ወረቀቱን ይዛ ሮጠች፤ እንዬም ልታነብላት ተከትላ ሮጠች።

አያ ደርሶ ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጧል።

«ዝማም» አለች እንዬ እያነበበች። «ተራ፣ ቅዳሜ፣ ጧት።»

«አዎ፣ ቅዳሜ ነው» አለ አያ ደርሶ።

ዝማም አየችው። «ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ቅዳሜ አይደለም ወይ የምታጠጪው? በናትሽም ጊዜ ቅዳሜ ነበር።»

«ካወቅህ ሰኞ ወረቀት አምጪ ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«ደብዳቤው መጥቶ» አለ አያ ደርሶ፣ ወረቀቱን አጥፎ ቆቡ ውስጥ እየከተተ፤ «ከኮምፒውተሩ በፊት ማወቅ ተከልክሎ።»

ዝማም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ውኃ ከሚከፍት ሰው ጋር ዓርብ ማታ አይጣሉም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አያ ደርሶ ድንጋዩን አነሳ፣ ሣርና ጭቃውን በዶማው ገፋ። ውኃው መጀመሪያ አቧራ አንከባለለ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ ከዚያ ጠራና ማሳዋ ውስጥ ገባ። ዝማም ጫማዋን አውልቃ ከየመስመሩ ጋር ወረደች።

ከሽንኩርቱ ሲሶው አልተነሳም፤ ረፍዶበት ነበር። የቀረው ተረፈ። ሚያዝያ ላይ ነቅላ ሁለት እስር ከምድጃዋ በላይ ሰቀለች። ጠጄ ያን ሐሙስ አንዲት ራስ በመቀነቷ ቋጥራ አስቀርታ ኖሯል፤ «ባይመጣልሽስ ብዬ» ብላ መለሰችላት። እስከ ዛሬ አብረው ነው ገበያ የሚወጡት። ሶስና ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች፤ እዚያም መሣሪያ እስኪመረጥ ትጠብቃለች አሉ፤ አሁን ግን ነጭ ሽንኩርት ይዛ ነው የሄደችው። እንዬ መዝገቡን ሳጥን ውስጥ ከታ ክርኗን ኮምፒውተሩ ላይ ታስደግፋለች። ኮሚቴው አልፈረሰም፤ ምርጫው ለምን እንደዘገየ የሚያጣራ ሆኗል፤ ቶሎ ለማጣራት የሚረዳ መሣሪያ እየመረጡ ነው። አያ ደርሶ በየሳምንቱ ወረቀት ይቀበላል፣ ቆቡ ውስጥ ይከታል፣ ቦዩንም በሚያውቀው ተራ ይከፍታል። እስካሁን ወረቀቱና እሱ ተለያይተው አያውቁም።

ምስሬም አለቀ። ተነሱ፣ ትርሲት ያንን ጠጠር ወደ ደጅ ድፊልኝ።