የአቶ ሽብሩ ፒንሳ

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ ገና ናዝሬት ላይ ቆሞ እህል ይጭን በነበረበት ዘመን ነው አሉ፣ ከሐዲዱ ጥግ የአቶ ሽብሩ ቤት የሚባል የእህል መርማሪዎች ቤት ነበር። ሥራቸው ለሚያየው ቀላል ነው። ነጋዴው ወደ ውጭ አገር የሚልከውን ቦሎቄ ከመጫኑ በፊት ይመረምራሉ፤ ደህና ከሆነ የጆንያውን አፍ ይሰፋሉ፤ ፉርጎው ሲሞላ በሩን በሽቦ አስረው የቤቱን ማኅተም ይመቱበታል። ማኅተሙ የሚመታው የሽቦውን ቋጠሮ በእርሳስ ጨፍልቆ በሚያትም አንድ አሮጌ ፒንሳ ነበር። ጅቡቲ ያሉት ገዢዎች ያን ማኅተም ካዩ ጆንያ ፈትተው አያዩም፤ እቃው በቀጥታ ወደ መርከብ ነው። ነጋዴ ግን ነጋዴ ነውና ከሐዲዱ ማዶ ሌላ የመርማሪ ቤት ተከፍቶለት ነበር፤ ጆንያ ሳይፈታ የሚያሽግ፣ የቀረበለት ሻይ ሳይበርድ መልካም ጉዞ የሚል ቤት። ማዶ ርካሽም ነው፣ ፈጣንም ነው። አቶ ሽብሩ የነበራቸው ስማቸው ብቻ ነው።

አቶ ሽብሩ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ አስናቀች በአፍንጫዋ ትመረምር ነበር። ጠዋት እህል ሳትቀምስ የጆንያውን አፍ ከፍታ ታሸታለች፤ ሻጋታ ቢሆን፣ የአይጥ ሽንት ቢሆን፣ ላምባ የነካው ጆንያ ቢሆን አያመልጣትም። ለዚህ አፍንጫ ስትል ነጭ ሽንኩርት እርም ብላለች። ሽቶ ሳትቀባ ነው የተሞሸረችው፤ ሚዜዎቿ እስከ ዛሬ ያሟታል። ይህን ሁሉ ያደረገችው አንድ ቀን ፒንሳው በእጇ እንደሚገባ ስለምታምን ነበር።

ሁለተኛው ዳምጠው በእጁ ነው። ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ከትቶ ይዳስሳል፣ ከመሀል አንድ ፍሬ አውጥቶ በጥርሱ ይሰብራል፤ እርጥበት ካለው ወዲያው ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር። ወዛደሩም የጣቢያው ሹምም "ዳምጤ!" እያሉ ትከሻውን ይመቱታል፤ አስናቀች ስታልፍ ግን "እትዬ" ብለው ገለል ይላሉ፣ ታሸተናለች ብለው የፈሩ ይመስል።

የመጨረሻዋ ወለላ አሽትታም ዳስሳም አታውቅም፤ ሀብቷ አፏ ነው። ማዶ ያለው ቤት ደጃፍ የደረሰ ነጋዴ ወለላ ካነጋገረችው ጭነቱን ይዞ ይመለሳል። ደንበኛ የምታመጣው እሷ ነች ማለት ነው።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ ነበር። ከቤተሰቡ አንዱ መርምሮ አፉን የሰፋውን ጆንያ ሌላው አይፈታም። መፍታት አላምንህም ማለት ነው፤ እርስ በርሳቸው ካልተማመኑ ደግሞ ጅቡቲ ላይ ማን ያምናቸዋል? አቶ ሽብሩ በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር።

እንግዲህ የአቶ ሽብሩ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማኅተሙ እየተጣመመ መውጣቱን ሲያዩ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ "የዘንድሮው ቦሎቄ ተጭኖ ሲያልቅ ፒንሳውን ለአንዳችሁ አስረክባለሁ" አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ዳምጠው ላይ አረፈ። ለአፍታ ነው፣ ግን አስናቀች አየችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሟ ሲስቅ ይከፋታል፤ ወንድሟን ሲያመሰግኑ ተነሥታ ትወጣለች። ቀናች። ስሙ ቅናት ነው፤ ሌላ የሚያምር ስም አንፈልግለት።

የዓመቱ የመጨረሻ ጭነት አቶ ሙሉነህ የሚባሉ ነጋዴ ጭነት ሆነ። ባቡሩ ሊነሳ ነው ተብሎ ጣቢያው ተተራምሷል።

"ዛሬ ጊዜ የለንም" አሉ አቶ ሽብሩ። "ዳምጠው ብቻውን ይየው።"

"እኔስ አባባ? ማሽተቱስ?"

"አንቺ ዛሬ እረፊ። የሱ እጅ ይበቃል።"

የሱ እጅ ይበቃል! አስናቀች ወጥታ አጥሩ ጥግ ቆመች። ዳምጠው ክንዱን ሲከት፣ ፍሬ ሲሰብር፣ እየሳቀ በሲባጎ ሲሰፋ እያንዳንዱን ጆንያ ቆማ አየች። ወዛደሮቹ ፉርጎውን ሞልተው ምሳ ሊበሉ ሲበተኑ ዙሪያዋን ቃኘችና ዘላ ገባች። ለቤቱ ስም አስባ አይደለም። "አምላኬ፣ አንዲት የተበላሸች ፍሬ ስጠኝ" ብላ ነው የገባችው። የአንዱን ጆንያ ሲባጎ በመርፌ ፈታ አፍንጫዋን አስጠጋች። ደህና ነው። ሁለተኛውንም ፈታች፣ ደህና። ንድድ አላት። ሦስተኛው ላይ ሽታው መጣ፤ ስስ ነው፣ ግን የሻጋታ ሽታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአቶ ሙሉነህ መጋዘን ጣራው አፍስሶ ከፊሉ ቦሎቄ ርሷል፤ ዘበኛው ደንግጦ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አድርቆ መልሶ ከቶታል። የደረቀ ፍሬ ለእጅም ለጥርስም ደረቅ ነው። ሻጋታው ግን ከውስጥ ጀምሯል፤ መርከብ ላይ ወር ሲሰነብት ሌላውን ሁሉ ይበክላል። ይህን ከአፍንጫ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ባለ አፍንጫዋ ደግሞ እረፊ ተብላለች።

አስናቀች ደስ አላት። በጣም ደስ አላት፤ እዚህ ላይ ልዋሽላት አልችልም። ጭፈራ ነው የቀራት። ቀጥሎ ደግሞ የባሰ ሐሳብ መጣባት፦ ዝም ብትልስ? ጭነቱ ጅቡቲ ይድረስ፣ ይመለስ፣ የዳምጠው እጅ ምን እንደሆነ አገር ይይ። ሲባጎውን እንደያዘች ትንሽ ቆየች። ከዚያ የሚመታው ማኅተም የአባቷ መሆኑ ትዝ አላትና ወረደች። ወንድሟን ውሃ ሲጠጣ አገኘችው። አባቷ ዘንድ ያልሄደችው ፊቱ ሲለወጥ መጀመሪያ ራሷ ልታየው ስለፈለገች ነው።

ከጆንያው የዘገነችውን ቦሎቄ ፊቱ ዘረጋችለት። "እጅህ ይህን ሻጋታ አላገኘውም?"

ዳምጠው ፍሬውን አየ፣ እሷን አየ፣ ነገሩ ገባው። "የሰፋሁትን ፈታሽው፣ እትዬ?"

"ፈታሁት።"

ልብ በሉ፤ ዳምጠው ዝም ማለት ይችል ነበር። ጆንያውን መልሶ ቢሰፋው ባቡሩ ይሄዳል። ደንብ ጥሳለች ብሎ ቢከሳት አባታቸው ከሽታው በፊት ደንቡን ይሰሙ ነበር። እሱ ግን ፉርጎው በር ላይ ቆሞ፣ ወዛደሩና ነጋዴው እየሰሙ፣ "አውርዱ! ሁሉንም አውርዱ! ሻግቷል፣ ስቻለሁ!" ብሎ ጮኸ። አቶ ሽብሩ እየሮጡ መጡ።

"ማን ነው ያገኘው?"

"እኔው ነኝ አባባ። ልቤ አላርፍ ብሎኝ የራሴን ስፌት ፈትቼ አየሁት።"

ወዛደሩ ሁሉ፣ "አቤት ሐቀኛ! ራሱን የሚያጋልጥ ሰው የት ይገኛል!" አለ። አስናቀች እዚያው ቆማለች። ወንድሟ ከአባቷ ቁጣ ሸሸጋት እንዴ? ወይስ በሕይወቷ ያገኘችውን ትልቁን ነገር ከእጇ ነጠቃት? አታውቅም። የምታውቀው የተሳሳተው ሰው እንደሚመሰገንና ያገኘችው እንደምትገፋ ነው፤ ጆንያ ላሳልፍ ብሎ አንዱ ወዛደር በክርኑ ገፍቷታልና።

አቶ ሙሉነህ በበኩላቸው አበዱ። "ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው እኮ! ጫኑልኝ! ማዶ ወስጄ አሳሽጋለሁ! እዚያ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም!"

ማዶ ቢታሸግ ሻጋታው ይሄዳል፣ የአገሩ ሁሉ ቦሎቄ ስሙ ይጠፋል። አቶ ሽብሩ ቢለምኗቸውም አልሰሟቸውም። ያኔ ወለላ መጣች፤ ሳትቸኩል፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

"ይውሰዱት አቶ ሙሉነህ፣ ማን ይከለክልዎታል? ግን ባለፈው ሰሞን ማዶ ያሸጉት ፉርጎ ጅቡቲ ላይ ተከፍቶ፣ ባለቤቱ ከነጭነቱ መባረሩን አልሰሙም?"

"የማን ጭነት?"

"ስሙን እኔ አልጠራም። የሰው ገመና ነው።"

አቶ ሙሉነህ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ፤ ጣራቸው ማፍሰሱንም ያን ጊዜ አመኑ። ጭነቱ ቀረ። እንዲህ ያለ ፉርጎ ግን ጅቡቲ ላይ ተከፍቶ አያውቅም፤ ወለላ እዚያው ቆማ የፈጠረችው ነው።

ባቡሩ ያለ እነሱ ሄደ። ጆንያው ሁሉ እንደገና ተፈታ፤ አስናቀች አሽትታ የሸተተውን አወጣች፣ ደህናው ተሰፍቶ ተጫነ፣ በሩ በሽቦ ታሰረ። ለሚቀጥለው ባቡር ማኅተሙ ብቻ ቀረ። አቶ ሽብሩ ፒንሳውን ከኪሳቸው አውጥተው ዳምጠውን ጠሩት። "ዛሬ ሰው መሆንህን አየሁ" ብለው ሊያቀብሉት እጃቸውን ዘረጉ።

"የፈታሁት እኔ ነኝ!" አለች አስናቀች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። "ሻጋታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ደንቡን የጣስኩት እኔ። ዳምጠው ዋሽቶልኝ ነው።" ወደ አባቷ ዞራ ጨመረች፤ "ለቤቱ ብዬም አይደለም። ቀንቼ ነው።"

እውነት ተናገረች። ግን ልብ በሉ፣ እውነቱን የተናገረችው ፒንሳው ወደ ወንድሟ እጅ ሲሄድ ነው፤ ባይሄድ ኖሮ ትናገር ነበር? እሷም አታውቀውም።

ዳምጠው አንገቱን ደፋ። ወለላም የራሷ ውሸት ከበዳት መሰለኝ፣ ስለ ማዶው ፉርጎ የፈጠረችውን ለአባቷ በጆሮአቸው ነገረቻቸው፤ አጠገባቸው ያሉትም ሰሙ። አቶ ሽብሩ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ወዛደሮቹ መከራከር ጀመሩ። አንዱ፣ "እሷ ባትፈታው ማን ያውቅ ነበር?" ይላል። ሌላው፣ "በቅናት የተሠራ ሥራ ሥራ ነው? ነገስ የማንን ስፌት ትፈታ ይሆን?" ይላል። "ዳምጤ የራሱን ስም ለቤቱ ሠዋ" የሚል አለ፤ "የሳተውም የዋሸውም እሱ አይደል?" የሚለው ይመልስለታል። ቦሎቄ ለመልቀም የመጡት ሴቶች ደግሞ ለወለላ ወገኑ፤ "አፏ ባይኖር ይሄኔ ጭነቱ ማዶ ነበር" አሉ። "በሐሰት የቆመ ጭነት ላይ የእውነት ማኅተም ይመታል?" አላቸው አንዱ።

ከሩቅ የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ። አቶ ሽብሩ ተነሥተው ፒንሳውን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ለሦስቱም ዘረጉት። ማንም እጁን አላነሳም። አስናቀች ፒንሳውን አየችው። ፈራጅ ብትሆን ለራሷ እንደማትፈርድ ታውቃለች፤ ለዳምጠው ከምትፈርድ ግን ባቡሩ ባዶውን ቢሄድ ትመርጣለች። ይህን ሁሉ ተናግራም፣ ይህን ያህል አፍራም፣ ፒንሳውን አሁንም ትፈልገዋለች።

ባቡሩ እየቀረበ ነው፤ ሽቦው ታስሯል፣ ማኅተም አልተመታም። እስቲ እናንተ በአቶ ሽብሩ ቦታ ብትሆኑ፣ ፒንሳው የሚገባው ለማን ነው፦ ቀንታ ላገኘችው፣ ስቶ ላወረደው፣ ወይስ ዋሽታ ላቆመችው?