ጭስ የጠገበ አጥር

ቀርከሃ በሚበቅልበት ደጋ አገር አንድ ሰው ነበረ። ይህ ሰው አጥር ያጥራል፣ ክረምት ያፈርስበታል። ደግሞ ያጥራል፣ ደግሞ ያፈርስበታል። ሥሩን ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ የተረፈውን ነቀዝ ይበላዋል። መስከረም ሲጠባ አጥሩ እንደ ሰካራም ተጋድሞ ይገኛል፤ ጎረቤትም ይስቃል። ምዕመናን፣ ረሀብን የሚችል ሰው መሳቂያ መሆንን አይችልም!

አንድ ሽማግሌ አናጺ መከሩት። «ቀርከሃ እርጥቡን አይተከልም፣ ልጄ። ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ አጋድመህ ሁለት ወር ጭስ አጠጣው። ጭስ የጠገበን ቀርከሃ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዝናብም ቶሎ አይጥለውም።»

እውነታቸውን ነው። ግን የት ይጭስ?

ሚስቱን ጠየቃት። «አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ? ገና ትናንት የተቀባ ግድግዳዬን ልታጠቁርብኝ ነው?» አለችው። እሺ አለ። ለግድግዳው አዘነለት።

ጓሮ ባለችው የሣር ጎጆ እናቱ እማማ አንጓች ይኖራሉ። ዓይናቸውን ድሮም ያማቸዋል። ቀርከሃውን ወስዶ እሳቸው ምድጃ ላይ ቆለለው፤ ከሥሩም እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ማጨስ ተጀመረ።

በሳምንቱ «ልጄ፣ ዓይኔን እኮ ቆጠቆጠኝ» አሉት።

«ትንሽ ቀን ነው፣ እማዬ። ታገሺኝ።»

በወሩ «ልጄ፣ ጭላንጭል ብቻ ነው የሚታየኝ» አሉት።

«ክረምቱ ሊገባ ነው እኮ! አሁን ካወረድኩት ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

የማን ልፋት? እሳቱን ማን ነበር የሚያነደው? እሳቸው ናቸው! እያሳሉ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «የልጄ አጥር ይጠንክርለት» እያሉ ቅጠል ይጨምሩ ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔን ይህ ያንገበግበኛል፣ አልደብቃችሁም።

ሰኔ ላይ አጥሩ ቆመ። ሥሩ ድንጋይ ተነጠፈለት፣ አናቱ ሣር ለበሰ። ዝናቡ ወረደ፣ በረዶው ወረደ፣ አጥሩ ንቅንቅ አላለም። በመስከረም ያ ሲስቅ የነበረው ጎረቤት «እጅህ ይባረክ!» አለው።

እናቱን ጤና ጣቢያ የወሰዳቸው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሟ ዓይናቸውን ገልጣ አየችና ወደ እሱ ዞረች። «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? አሁንማ አልቋል።»

ምን ይበላት? አጥር ሳጥር ነበር ይበላት?

ሲመለሱ ደጃፉ ላይ እማማ አንጓች እጃቸውን ዘርግተው አጥሩን ዳበሱት። ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ ዳበሱት። «ጎሽ፣ ልጄ! እንዴት ጠንክሯል! ዘንድሮስ አልወደቀብህም፤ ተመስገን» አሉ።

ሰውየው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ምን ይጠቅማል? አጥሩን አንድዶ ቢሞቀው ዓይን አይመለስ!

እናንተስ? «እኛ ቀርከሃ የለንም» ትሉኛላችሁ። የላችሁም። ግን ሰው እንዲያመሰግንላችሁ የምታቆሙት ነገር የላችሁም? ድግስ የላችሁም? ስም የላችሁም? ጭሱ የማን ጎጆ ውስጥ ነው የሚጨሰው? «ቆጠቆጠኝ» ሲላችሁ «ታገሰኝ» ያላችሁት ማንን ነው? ሚስታችሁን? አባታችሁን? ያችን ቤታችሁ የምትሠራውን የሰው ልጅ?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወሬ አታብዙ። ቀጥ ብላችሁ ወደዚያ ሰው ሂዱ። ገና የሚያይ ዓይን ካለው፣ ፊታችሁን አሳዩት።