የጣውንት ደጅ

ከሾላ አፋፍ መንደር በታች፣ መንገዱ ወደ አፋር በረሃ መውረድ ሲጀምር፣ ሣር የማይበቅልባት አንዲት ጠፍ ቦታ አለች። የጣውንት ደጅ ትባላለች። ዙሪያዋን ማሽላ ሲያሸት እሷ እንደ ተላጨ ራስ ነጥታ ትከርማለች፤ የመንደሩ ሴቶችም ሳይገላምጧት አያልፉም። ስሟን ከየት እንዳገኘች የሚጠየቁ አዛውንት የሚያወሩት የእብሬንና የሚስቱን የመዲናን ነገር ነው።

እንደሚነገረው እብሬ የሲራራ ነጋዴዎችን ተከትሎ ታጁራ በወረደ ጊዜ ባሕርን አየ፤ ያየ ዕለትም ልቡ እዚያው ቀረ። በሸራ ጀልባ ተቀጥሮ ሞካን፣ ኤደንን፣ ከዚያም አልፎ ቦምባይን አይቷል ይባላል። በስንት ዓመቱ ብቅ ይልና መዲናን አስረግዞ፣ ያመጣውን ሐርና ሽቶ አራግፎ ተመልሶ ይሄዳል። ሽቶውን ማን ፈልጎት! መዲና የፈለገችው እሱን ነበር። እሱ ደግሞ ቤቱ በተቀመጠባት ጥቂት ጊዜ እንኳ ወሬው ስለ ባሕር ብቻ ነው፤ ስትቆጣ እንዲህ ታደርጋለች፣ ስትረጋ ግን እንደ እሷ ያለ የለም እያለ። መዲና ልጆቹን ፊቱ ብታቀርብለት ዓይኑ በላያቸው አልፎ ወደ ቆላው ያማትራል። ቅናት አንገበገባት። ጣውንቷ ሴት ብትሆን እኮ ሄዳ ፀጉሯን ትነጭላት ነበር፤ ባሕርን በምኗ ይይዟታል?

«ለመሆኑ ከኔ በምን ትበልጣለች?» አለችው አንድ ቀን።

እብሬ የዋህ ነውና ከሚቀጥለው ጉዞው ሲመለስ የባሕር ውሃ በፍየል ቆዳ አቁማዳ ሞልቶ፣ በግመል አስጭኖ አመጣላት። «ይኸውልሽ፣ አንቺም እያት» አላት። መዲና በእጇ ጨልፋ ቀመሰችና እንትፍ አለች። «እኔን የተውኸኝ ለዚች ነው?» ብላ አቁማዳውን እየጎተተች ከመንደሩ በታች ወስዳ ዘረገፈችው። ጣውንቷን ከቤቷ ማስወጣቷ ነበር። መሬቷ ከዚያ ወዲህ አላበቀለችም ይባላል።

ይህም አልበቃት ብሎ ባሏን ሽማግሌ ፊት አቆመችው። «ሁለት ሚስት ያለው ሰው ለሁለቱም እኩል ተራ ይሰጣል። ይኸ ሰው ግን ዕድሜውን ለጣውንቴ ሰጥቶ ለኔ ትራፊውን ያመጣል። አባቶቼ፣ ተራዬን ስጡኝ» አለች። ሽማግሎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ፊቷን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡ። ከመከሩ በኋላ አንድ ዓመት ለመዲና፣ አንድ ዓመት ለባሕር ብለው ፈረዱ፤ እብሬም በፍርዱ ማለ።

የመዲና ዓመት ቀድሞ ገባ። እብሬ አጥሩን አጠረ፣ ማሽላውን ጠበቀ፣ የትንሹን ልጁን ስም ሳይሳሳት መጥራት ለመደ። መዲና እንደዚያ ዓመት ደስ ብሏት አያውቅም ይላሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ተራው የባሕር ነውና ሄደ።

በዚያው ቀረ። ነጋዴዎች ጀልባዋ በማዕበል መስጠሟን አረዱ። መንደርተኛው ለለቅሶ ሲሰበሰብ መዲና በሯ ላይ ቆማ ከለከለች።

«በኔ ቤት ለቅሶ የለም» አለች። «ባል ጣውንት ቤት አደረ ተብሎ ይለቀሳል? ተራዬን ነጠቀችኝ እንጂ አልሞተም።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እያሉ ጎረቤቶቿ አሟት። እሷ ግን ተራዋ በሚገባበት ሰሞን መኝታውን ታነጥፍና ወደ ጠፏ ቦታ ወርዳ «ይበቃሻል! አሁን የኔ ነው!» እያለች ትጮህ ነበር ይባላል። እንዲህ እያለች አረጀች።

ዛሬም በሾላ አፋፍ ባሕር ተሻግሮ ድምፁ ለጠፋ ሰው ለቅሶ አይቀመጡም። የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ሚስቲቱ «ጣውንቴ ዘንድ ነው፤ ተራዬ አልደረሰም» ትላለች። ባሏ ወደ የመን በጀልባ ተነሥቶ ስልኩ የተዘጋባት ሰዓዳ የምትባል ልጅ ዓምና እዚያች ጠፍ መሬት ላይ ቆማ ስትራገም ሰምቻታለሁ። መኝታውን አንጥፋ መምጣቷ ነበር።